የግልገሉን ትል ከእናቱ መጀመር

በግ ማርባት ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ግልገል ሞት ያስቸገረኝ ነገር የለም። የሚሞቱት ደግሞ በተወለዱ ሰሞን አልነበረም። እንገራቸውን ጠጥተው፣ ጠንክረው፣ እየዘለሉ ሁለት ወር ገደማ ከሞላቸው በኋላ ነበር። አንድ ጠዋት ከመንጋው ኋላ የሚጎተት ግልገል አያለሁ፤ ቀን ሲያልፍ አገጩ ሥር ውሃ ቋጥሮ ያብጣል፤ ከዚያ ወድቆ ይገኛል። የትል መድኃኒት ስሰጣቸው ይሻላቸዋል። ሦስት አራት ሳምንት ሲያልፍ ግን ያው ሕመም ይመለሳል። የግልገሎቹን በጠጥ ይዤ ሐኪም ዘንድ ስሄድ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ግልገሎቹ አልነበረም። «የእናቶቻቸውስ በጠጥ?» አሉኝ።

የእናቶቹ ተመረመረ። ጠጉራቸው የሚያምር፣ በደንብ የሚበሉ፣ ማንም አይቶ ታመዋል የማይላቸው በጎች ሜዳውን በትል እንቁላል እየሸፈኑት ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያ ወዲህ በመንጋዬ ላይ ስለማደርገው ነገር ነው። ግልገሉን ብቻ እያከመ የሚደክም ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቅ በግ ከዕድሜ ጋር ትልን የመቋቋም አቅም ታዳብራለች። ትሉ ከሆዷ ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን እንዳይበዛና ብዙ እንቁላል እንዳይጥል አድርጋ ትይዘዋለች። ልትወልድ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀራት ግን ይህ አቅሟ ይላላል። ሽሉ በፍጥነት የሚያድገው በእርግዝናው ማብቂያ ላይ ነው፤ ጡቷም ወተት ለማዘጋጀት ይሠራል፤ ስለዚህ ከምትበላው ፕሮቲን ቅድሚያ የሚያገኙት ግልገሉና ወተቱ ናቸው። ለራሷ መከላከያ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የወሊድ ጊዜ የሆርሞን ለውጥም ድርሻ አለው። በዚያ ላይ፣ ውጭው ለእጭ በማይመችበት ወቅት በጨጓራዋ ግድግዳ ውስጥ ዕድገታቸውን አቁመው የተኙ እጮች በዚሁ ሰሞን ነቅተው ሙሉ ትል ይሆናሉ። በበጠጧ የሚወጣው እንቁላል ከወለደች በኋላ ባሉት ሳምንታት እየጨመረ ሄዶ፣ ስድስት ስምንት ሳምንት ሲሆናት ይቀንሳል። መንታ የምታጠባዋ አንድ ከምታጠባዋ የበለጠ ትጥላለች። ግልገሏ የሞተባት ደግሞ አቅሟ ቶሎ ይመለሳል።

እኔን ያስቸገረኝ ትል ሄሞንከስ የሚባለው ደም መጣጭ ነው፤ በአራተኛው የጨጓራ ክፍል ውስጥ ይኖራል። አንዷ ሴት ትል በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 እንቁላል ትጥላለች። እያንዳንዱ ትል በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያባክናል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ በሺህ ትል ስታባዙት ግን በቀን 50 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አሥር ኪሎ የሚመዝን ግልገል ይህን ለስንት ቀን ይችላል?

አሁን ጊዜውን አስሉት። ሙቀትና እርጥበት ካለ እንቁላሉ ተፈልፍሎ በሳምንት ገደማ የሚያጠቃ እጭ ይሆናል፤ በእርጥብ ሣር ላይም ይወጣል። ግልገሉ ሣር በደንብ መንጨት የሚጀምረው በሦስተኛው በአራተኛው ሳምንት ነው፤ ያኔ ሜዳው በእናቱ ጦስ ተሞልቶ ይጠብቀዋል። የዋጠው እጭ አድጎ እንቁላል መጣል እስኪጀምር ደግሞ ሦስት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ተደማምሮ ሁለት ወር አካባቢ ላይ ያርፋል፤ ግልገሎቼ ይወድቁበት የነበረው ዕድሜ። መድኃኒት ሰጥቼ ወደዚያው ሜዳ ስመልሳቸው በማግስቱ አዲስ እጭ ይውጣሉ። ሕመሙ በየሦስት በየአራት ሳምንቱ የሚመለሰው ለዚህ ነበር።

ከእናት ወደ ልጅ የሚሻገረው ሁሉ ግን በሣር በኩል አይመጣም። ስትሮንጂሎይደስ የሚባል ቀጭን የአንጀት ትል አለ፤ እጩ በእናቲቱ ገላ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና በወተት ወደ ግልገሉ ይገባል። ስለዚህ ሣር ቀምሶ የማያውቅ፣ ሁለት ሳምንት የሆነው ግልገል በጠጥ ውስጥ የትል እንቁላል ቢገኝ አትደነቁ። ይኸው እጭ እርጥብ ጉዝጓዝ ውስጥ ይራባል፤ በቆዳና በጣቶች መሐል ባለው ስስ ቦታም ሰርስሮ ይገባል። ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ሲበዛ ግን ተቅማጥና መክሳት ያመጣል። አልቤንዳዞልና አይቨርሜክቲን አንጀት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላሉ፤ ደረቅ ጉዝጓዝ ግን ከሁለቱም ይበልጥ ያግዛል። እኔ በወሊድ ሰሞን ጉረኖው ውስጥ እንበረከካለሁ፤ ስነሳ ጉልበቴ ከረጠበ ጉዝጓዙ ይቀየራል።

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። እናቶቹን መቼ ማከም ይሻላል የሚለው ያከራክራል። ከመውለዳቸው ሁለት ሳምንት ቀድመው የሚሰጡ አሉ፤ እንቁላሉ ሳይጨምር ይቀድሙታል። እኔ የምመርጠው ከወለደች በኋላ፣ ከወሊድ ጉረኖ ወደ ሜዳ ስትወጣ ነው። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሆዷ የገፋ በግ መያዝ፣ መግፋትና ማጨናነቅ በራሱ አደጋ ነው። ሁለተኛ፣ ጡቷን ለማየትና ግልገሉ ላይ ምልክት ለማድረግ ለማንኛውም እይዛታለሁ፤ በዚያው ይጠናቀቃል። ቀድማችሁ የምትሰጡ ከሆነ ግን አንድ ነገር አደራ፦ «መድኃኒቱ እንዲሠራ አስርቧት» የሚለውን ምክር እርጉዝ ላይ እንዳትሞክሩት። በእርግዝናዋ መጨረሻ ላይ በተለይ መንታ የያዘች በግ ለአንድ ቀን ብትራብ እንኳ የገላዋን ስብ አቅልጣ ልትታመምና ልትሞት ትችላለች።

ሁሉንም እናቶች አላክምም። ይህን ስናገር ብዙ አርቢ ይቆጣኛል፤ ታግሳችሁ ስሙኝ። መድኃኒት ሰጥታችሁ የሚተርፈው ትል መድኃኒቱን የቻለው ብቻ ነው። መንጋውን በሙሉ አክማችሁ ወዲያው ወደ ንጹሕ ሜዳ ብታወጡት፣ ያ ሜዳ የሚሞላው በእነዚያ በተረፉት ትሎች ዘር ብቻ ይሆናል። ያልታከሙ በጎች የሚጥሉት እንቁላል ግን መድኃኒት የማያውቁ ትሎች ዘር ነው፤ ከተረፉት ጋር ተዳቅሎ የመድኃኒቱን ዕድሜ ያስረዝማል። ስለዚህ አንድ ግልገል ብቻ የሚያጠቡትን፣ ሥጋቸው የሞላና ዓይናቸው ቀይ የሆነውን ያለ መድኃኒት አልፋቸዋለሁ፤ ቢያንስ ከአሥር አንዷን፣ ብዙ ጊዜ ከዚያም በላይ። መንታ አጥቢዎች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የወለዱ ጨቅላ እናቶችና የከሱ ግን አይታለፉም።

ዓይናቸው ቀይ ስል የታችኛውን የዓይን ሽፋን የውስጥ ቀለም ማለቴ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ፋማቻ የሚባል የቀለም ካርድ አለ፤ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ያሳያል። 1 ደማቅ ቀይ ነው፤ 5 ወረቀት የመሰለ ነጭ። 4 እና 5 ወዲያው ይታከማሉ። 3 ከሆነ ደግሞ ለግልገል፣ ለእርጉዝና ለአጥቢ መድኃኒት መስጠት ይሻላል። የሚታየው በቀን ብርሃን ነው፤ ሽፋኑን ብዙ ጎትታችሁ ብታቆዩት ቀለሙ ይቀየራል። ካርዱ የሚያገለግለው ደም ለሚመጥ ትል ብቻ እንደሆነም አስታውሱ። አንጀት እያቆሰለ ተቅማጥ የሚያመጣ ሌላ ትል የያዘው በግ ዓይኑ ቀይ ሆኖ ሊከሳ ይችላል።

መድኃኒት ስትመርጡ ጠርሙሱ ላይ ካለው የንግድ ስም ይልቅ ቤተሰቡን፣ ማለትም ትሉን በአንድ ዓይነት መንገድ የሚገድሉ መድኃኒቶች ወገን የትኛው እንደሆነ እዩ። ከድሮ ጀምሮ ያሉት ሦስት ቤተሰቦች ናቸው። የመጀመሪያው እነ አልቤንዳዞልና ፌንቤንዳዞል ያሉበት ነው። ሁለተኛው ሌቫሚሶል ነው፤ ቴትራሚሶልም የዚሁ ወገን ነው። ሦስተኛው አይቨርሜክቲንና ሞክሲዴክቲን ያሉበት። አልቤንዳዞል እንቢ ሲላችሁ ወደ ፌንቤንዳዞል ብትዞሩ መድኃኒት አልቀየራችሁም፤ አንዱን የቻለ ትል ሌላውንም ይችላል። ለጉበት ትልና ለደም መጣጭ የሚሰጠው ክሎሳንቴል ከሦስቱም ውጭ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ሞኔፓንቴልም እንዲሁ።

ትሉ መድኃኒትን ለመላመድ ጊዜ አይፈጅበትም። ከመጀመሪያው ቤተሰብ ቀዳሚ የሆነው ታያቤንዳዞል በ1961 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በ1964 እሱን የቻለ የሄሞንከስ ትል ተዘገበ። አይቨርሜክቲን በ1981 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋለ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላው እሱንም የሚቋቋም ትል መጣ።

ለእናቶቹ የመድኃኒት ቤተሰብ ስትመርጡ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። አልቤንዳዞል ገና በጸነሰች በግ ላይ ሽሉን ሊያጎድል ይችላል፤ ስለዚህ በእርግዝናው የመጀመሪያ ወር አይሰጥም። አውራው ከመንጋው ከወጣ አንድ ወር እስኪሞላ ጠብቁ። በመጨረሻው ወርና ከወሊድ በኋላ ይህ ስጋት የለም። ሌቫሚሶል የጎለመሰውን ትል እንጂ በጨጓራ ግድግዳ ውስጥ የተኛውን እጭ በደንብ አይገድልም፤ መጠኑ ካለፈም ምራቅ ያዝረከርካል፣ ያንቀጠቅጣል። ክሎሳንቴል መጠኑ ሲያልፍ በጓን ያሳውራል፤ ይህ ማስፈራሪያ እንዳይመስላችሁ። ሞክሲዴክቲን በገላ ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ ለወለደች በግ ምቹ ይመስላል፤ ሆኖም በወተት ስለሚያልፍ ግልገሉ ትልን ለመግደል የማይበቃ፣ ለማለማመድ ግን የሚበቃ ትንሽ መጠን ይጠጣል። እኔ ሜዳው በጣም በተበከለበት ዓመት ካልሆነ አልነካውም።

ብዙ መድኃኒት የሚባክነው በመጠን ስህተት ነው። የአልቤንዳዞልን ልንገራችሁ። መጠኑ በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም ነው የሚል ጠርሙስ ይዛችኋል እንበል፤ በኪሎ 5 የሚሉም ስላሉ የእጃችሁን አንብቡ። 40 ኪሎ የምትመዝን በግ 300 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል። ጠርሙሱ 2.5 በመቶ ከሆነ በአንድ ሚሊ ሊትር 25 ሚሊ ግራም አለ፤ ስለዚህ 12 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች። 10 በመቶ ከሆነ ደግሞ 3 ሚሊ ሊትር ብቻ። ሁለቱ ጠርሙሶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ መልካቸው ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ግን አራት እጥፍ ነው። 10 ኪሎ ለሆነ ግልገል ከ2.5 በመቶው 3 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። በመርፌ የሚሰጠው 1 በመቶ አይቨርሜክቲን በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ነው፤ ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር፣ ለ10 ኪሎ ግልገል 0.2 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ይህን ትንሽ መጠን በትልቅ መርፌ ልለካ ብትሉ አይሆንም፤ ባለ 1 ሚሊ ሊትሩን ያዙ።

ክብደትን በዓይን መገመት አይቻልም፤ የሚችል ሰው አላየሁም፣ እኔንም ጨምሮ። ሚዛን ከሌላችሁ የቤት ሚዛን ላይ ግልገሉን ታቅፋችሁ ቁሙና የራሳችሁን ቀንሱ። ትልልቆቹን በቡድን ስትሰጡ በአማካይ ሳይሆን በቡድኑ ውስጥ በከባዷ ክብደት ለኩ። ልዩነታቸው ሰፊ ከሆነ ለሁለት ክፈሏቸው፤ በተለይ ሌቫሚሶልና ክሎሳንቴል ስትሰጡ ይህ ግዴታ ነው። ነጩን ድፍርስ መድኃኒት ከመቅዳታችሁ በፊት በኃይል በጥብጡት፤ ፍሬ ነገሩ ታች ይዘቅጣል። ባለ ቃታውን ማጠጫ ከመጀመራችሁ በፊት ወደ መለኪያ ገፋ አድርጋችሁ የሚያወጣው ልክ መሆኑን አረጋግጡ፤ አርጅቶ ከሆነ ግማሹን በአየር ይሞላዋል።

አሰጣጡም ልክ አለው። የማጠጫውን ጫፍ በአፍ ጥግ አስገብታችሁ ከምላስ በስተኋላ አድርሱት። ምላስ ፊት ላይ ካፈሰሳችሁት ከፊሉን ትተፋዋለች፤ ከፊሉም ትልቁን ጨጓራ ዘሎ በአቋራጭ ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ መድኃኒቱ ቶሎ ይወጣና ሥራው ይቀንሳል። ጭንቅላቷን ወደ ሰማይ አታንጋጡት፤ ከመሬት ጋር ትይዩ በሆነ ከፍታ ይበቃል። ተንጋጦ የተጋተ መድኃኒት ወደ ሳንባ ይገባል። የአንዳንድ ሰው ግልገል «መድኃኒቱ ገደለው» የሚባለው በዚህ ነው፤ መድኃኒቱን ያለ አግባቡ እየረገምን።

ሠርቷል ወይስ አልሠራም? ይህን ሳታዩ ወደሚቀጥለው ዓመት አትለፉ። ከመስጠታችሁ በፊት ከተወሰኑ በጎች በጠጥ ይወሰዳል፤ ከሰጣችሁ በኋላ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሲሞላ ከእነዚያው። ሌቫሚሶል ከሆነ ሳምንት ይበቃል። የእንቁላሉ ቁጥር ቢያንስ በ95 በመቶ መቀነስ አለበት። ከዚያ ካነሰ፣ መጠኑና አሰጣጡ ትክክል እስከሆነ ድረስ፣ ትሉ መድኃኒቱን ተላምዷል። በእኔ መንጋ የመጀመሪያው ቤተሰብ፣ እነ አልቤንዳዞል፣ የወደቀው በዚህ ምርመራ ነበር፤ ጠርሙሱ ላይ ያለውን የአገልግሎት ቀን ሳይቀር እያነበብኩ ስሰጠው የነበረው መድኃኒት የሚገድለው ከፊሉን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን ከተለያየ ቤተሰብ የሆኑ ሁለት መድኃኒቶችን በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱን በሙሉ መጠኑ እንሰጣለን። ሙሉ መጠን የሚለው ላይ አተኩሩ። ሁለቱን በግማሽ በግማሽ መስጠት ትሉን ማሠልጠን ነው።

ከመድኃኒቱ ጋር እኩል የማየው መኖውን ነው። ከመውለዳቸው ሦስት ሳምንት ያህል በፊት ጀምሮ እናቶቹ ፕሮቲን ያለው ነገር ካገኙ፣ አልፋልፋ ወይም ፋጉሎ፣ የሚጥሉት እንቁላል ይቀንሳል። ከላይ ያልኩት የፕሮቲን ሽሚያ ስለሚቀልላቸው ነው። መኖው በቂ በነበረበት ዓመት መድኃኒት ያስፈለጋቸው እናቶች ሲያንሱ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ግልገሎቹ። ስድስተኛው ሳምንት ላይ የዓይናቸውን ሽፋን ማየት እጀምራለሁ፤ እርጥበት ባለበት ወቅት በየሁለት ሳምንቱ። ተቅማጥ አትጠብቁ! ሄሞንከስ ብቻውን ተቅማጥ አያመጣም፤ በጠጡ ክብና ጤነኛ መስሎ ግልገሉ ደሙን ይጨርሳል። የነጣ ግልገል ካገኛችሁ አታሯሩጡት፤ ደም ያነሰው ልብ በሩጫ ብቻ ይቆማል። ቀስ ብላችሁ ያዙት፣ መዝኑት፣ መድኃኒቱን ስጡት፣ ከእናቱ ጋር ጥላ ሥር አሳርፉት፤ ጥሩ መኖ አቅርቡለት። ትሉ በቀን በሁለት ቀን ይሞታል፤ ደሙን ለመተካት ግን ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ገና ነጭ ነው ብላችሁ አትድገሙት።

በግልገል በጠጥ ላይ ነጭ ቁርጥራጭ የምታዩት ሞኒዚያ የሚባል ጠፍጣፋ የአንጀት ትል ነው። በዓይን ስለሚታይ ሰው ሁሉ የሚደነግጠው በእሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ያን ያህል አይጎዳም። የሚገድለው የማይታየው ነው።

ኮክሲዲያን ለብቻው ላንሳው፤ የትል መድኃኒት በከንቱ ከሚፈስባቸው ነገሮች ቀዳሚው ነውና። ኮክሲዲያ ትል አይደለም፤ በአንጀት ግድግዳ ሕዋስ ውስጥ የሚራባ፣ በዓይን የማይታይ ተውሳክ ነው። አልቤንዳዞልም አይቨርሜክቲንም አይነኩትም። ጤነኛዋ እናት በበጠጧ ጥቂት ጥቂት ትጥላለች፤ ግልገሉ ከቆሸሸ ጡትና ከጉዝጓዝ ይልሰዋል፤ በእሱ አንጀት ውስጥ ግን በሚሊዮን ይባዛል። ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ዕድሜ ጭራው በተቅማጥ የተለወሰ፣ የሚያምጥ፣ አንዳንዴም ደም የቀላቀለ የሚያስቀምጠው ግልገል ካያችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። በጣም የሚጎዱት ዘግይተው የተወለዱት ናቸው፤ ቀድመው የተወለዱት ባቆሸሹት ጉረኖ ውስጥ ይገባሉና። በዕድሜ መለያየት ከማንኛውም መድኃኒት በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።

መድኃኒቱ ቶልትራዙሪል ነው፤ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም፣ አንድ ጊዜ በአፍ። ወይም ዲክላዙሪል፣ በኪሎ 1 ሚሊ ግራም። ሰልፋ የተባሉትና አምፕሮሊየምም ያገለግላሉ፤ እነሱ ግን ለተከታታይ ቀናት የሚሰጡ ናቸው። ተቅማጡ ከጀመረ በኋላ መስጠት ሕይወት ያድናል እንጂ የቆሰለውን አንጀት ወዲያው አይመልሰውም፤ ያ ግልገል ወደ ኋላ ይቀራል። ባለፉት ዓመታት በየስንተኛው ሳምንት እንደሚነሳ ካወቃችሁ ከዚያ ሳምንት ያህል ቀድማችሁ ለቡድኑ በሙሉ ስጡ። እዚህ ላይ ለትል ያልኩትን፣ አንዳንዱን መተው የሚለውን፣ አትከተሉ፤ አንዱ ከታመመ አብረውት ያሉት ሁሉ ልሰውታል። በጣም ቀድማችሁ፣ በተወለዱ በሳምንቱ ከሰጣችሁ ግን ገላቸው ተውሳኩን ሳያውቀው ያልፍና በኋላ ይመታቸዋል።

በማኅፀን የሚሻገረውን ቶክሶፕላዝማን ባጭሩ ልንገራችሁ። የሚመጣው ድመት ከተጸዳዳችበት መኖ ነው። ተውሳኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝናዋ ወቅት ያገኛት በግ ትጨነግፋለች፣ ወይም የደረቀ ሽል ከደካማ ግልገል ጋር ትወልዳለች። ከዚህ በፊት የያዛት አብዛኛውን ጊዜ ዳግም አትጨነግፍም፤ ስለዚህ ለዚህ ብላችሁ አትሽጧት። ከጨነገፈች በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ቀድሞ ለመከላከል ዴኮክዊኔት ወይም ሞኔንሲን በሐኪም ትእዛዝ ከመኖ ጋር ይሰጣል። ሞኔንሲን ፈረስና አህያን ይገድላል፤ መኖው አጠገባቸው እንዳይደርስ። ነፍሰ ጡር ሴት የምትወልድ በግ አታዋልድ፣ የጨነገፈውንም አትንካ፤ ይህ ተውሳክ የሰውንም ጽንስ ይጎዳል።

ቅማል፣ የበግ ዝንብና እከክ በመነካካት ብቻ ከእናት ወደ ግልገል ይሻገራሉ። እናቶቹን ከመውለዳቸው በፊት፣ በተለይ ጠጉራቸው ከተሸለተ በኋላ ማከም ግልገሎቹን ያድናል። በመርፌ የሚሰጥ አይቨርሜክቲን ቆዳ እያኘከ የሚኖረውን ቅማል በደንብ አይገድልም፤ ለእሱ ጀርባ ላይ የሚፈስ ወይም የሚነከርበት መድኃኒት ያስፈልጋል። ለእከክ ደግሞ አንድ የአይቨርሜክቲን መርፌ አይበቃም፤ በሰባተኛው ቀን ይደገማል።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ይህን ያዙ፦ ከስድስት እስከ አሥር ከሚሆኑ በጎች የተወሰደ ትኩስ በጠጥ፣ ቢቻል ከመሬት የተለቀመ ሳይሆን በጓንት በቀጥታ የተወሰደ፤ የእናቶቹ ለብቻ፣ የግልገሎቹ ለብቻ። አየር የሌለበት ላስቲክ ውስጥ አስራችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አቆዩት፤ ሞቅ ካለ እንቁላሉ መንገድ ላይ ይፈለፈላል፣ ቆጠራውም ይዛባል። በረዶ ግን አታድርጉት። ያለፈውን ዓመት የሰጣችሁትን መድኃኒት ባዶ ጠርሙስም ውሰዱ። ስሙን በቃል ብትነግሯቸው ከቤተሰቡ ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ከጠርሙሱ ላይ ግን ይዘቱን፣ መጠኑን፣ እንዲሁም ከሰጣችሁ በኋላ ወተቱንና ሥጋውን ለስንት ቀን መጠቀም እንደማይቻል አብራችሁ ታነባላችሁ።